በፍላትፓክ ውስጥ የታሸጉ ላይብረሪዎችን ማደስ፦ ከየት ልጀምር?

ሰነድ_ቃኚ ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በስካነር የተነሱ የአማርኛ ገጾችን ወደሚታረም ጽሑፍ የሚቀይር አፕ በፍላትፓክ (የሊኑክስ አፕን ከሚያስፈልጉት ላይብረሪዎች ጋር ማሸጊያ) አሽጌ ፍላትሃብ (የፍላትፓክ አፖች ማከፋፈያ) ላይ አውጥቻለሁ። ማኒፌስቱ (የአፑ የግንባታ ዝርዝር) የቆመው በግኖም 46 ራንታይም (አፖች በጋራ የሚጠቀሙበት የላይብረሪ መሠረት) ላይ ነው። ሞጁሎቹ በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦ ሊብቲፍና ሊብዌብፒ 1.3.0 (የቲፍና የዌብፒ ምስል ማንበቢያ)፣ ሌፕቶኒካ 1.82 (ምስል ማዘጋጃ)፣ ቴሰራክት 5.3 (ከምስል ጽሑፍ አንባቢ)፣ የአማርኛው የቴሰራክት ዳታ፣ ፖፕለር (የፒዲኤፍ ማንበቢያ)፣ የፓይተን ፓኬጆች፣ መጨረሻ ላይ አፑ ራሱ። ከፓይተኖቹ አንዱ የምስል ፓኬጁ ፒሎው 9.5 ነው፤ የገባው በዊል (ቀድሞ ተገንብቶ በሚመጣ ፓኬጅ) ነው።

አንድ ተጠቃሚ «በአፑ ውስጥ ያለው ሊብዌብፒ ሲቪኢ-2023-4863 ያለበት ነው» ብሎ ጻፈልኝ፤ ይህ በይፋ የተመዘገበ የደህንነት ቀዳዳ ነው። የእሱ ፌዶራ ሙሉ በሙሉ የታደሰ ነው፤ «ፍላትፓክ አፕዴት»ም አድርጓል። ታዲያ አሮጌው ከየት መጣ? በዚያ ላይ ግኖም 46 ጊዜው አልፏል የሚል ማስጠንቀቂያ ለተጠቃሚዎች እየታየ ነው።

ጥያቄዎቼ፦ እነዚህን ሁሉ በምን ቅደም ተከተል ላድስ? አንዱን ስነካ ሌላው እንዳይፈርስ ምን ልጠብቅ? በየወሩ በእጅ ከመፈተሽ የሚገላግል መንገድ አለ? ተጠቃሚው በጊዜያዊነት ፋይሉን ራሱ ቢተካውስ? ኢንተርኔቴ ደካማ ስለሆነ ደጋግሞ ማውረድ የማይጠይቅ መንገድ ካለ ደግሞ እሰየው።

---

ማኒፌስት_ጠባቂ መለሰ፦

ከማደስህ በፊት መቀነስ ነው የሚሻለው። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው፤ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ጻፋቸው።

አሮጌው ከየት መጣ ላልከው፦ የፍላትፓክ አፕ ሁለት የላይብረሪ ምንጭ አለው። ራንታይሙ «/ዩኤስአር» ላይ ይቀመጣል፤ አንተ ያሸግከው ደግሞ «/አፕ» ላይ። የተጠቃሚው ፌዶራ ውስጥ ያለው ሊብዌብፒ በሳንድቦክሱ (አፑ ከሲስተሙ ተለይቶ በሚሠራበት ክልል) ውስጥ ጨርሶ አይታይም፤ ስለዚህ ፌዶራው ታደሰ አልታደሰ ለአፕህ ለውጥ የለውም። ራንታይሙ ሲታደስ ደግሞ «/ዩኤስአር» ውስጥ ያለው ይታደሳል። ችግሩ ሎደሩ (አፑ ሲነሳ ላይብረሪዎቹን ፈልጎ የሚጭነው) «/አፕ/ሊብ»ን ከ«/ዩኤስአር/ሊብ» በፊት ማየቱ ነው። አንድ ዓይነት ስም ያለው ላይብረሪ በሁለቱም ቦታ ካለ የአንተ አሮጌ ኮፒ ይመረጣል፤ የራንታይሙ ጥገና እዚያው ተቀምጦ ማንም አይነካውም። ሊብዌብፒ የተጠገነው በ1.3.2 በመስከረም 2023 ነው፤ ጥገናው ለራንታይሙ ተጠቃሚዎች ሁሉ በአንድ አፕዴት ደርሷል። የራሳቸውን ኮፒ ያሸጉ አፖች ግን አሻጊያቸው እስኪነካቸው ድረስ እዚያው ቆመው ቀሩ።

አሁን አፕህ ውስጥ ስንት ሊብዌብፒ እንዳለ ቁጠር። «ፍላትፓክ ራን --ኮማንድ=ኤስኤች» ከአፑ መለያ ጋር ብለህ ሳንድቦክሱ ውስጥ ግባ፤ ከዚያ «ፋይንድ /አፕ /ዩኤስአር -ኔም '*ዌብፒ*'» በል። ግምቴ ሦስት ታገኛለህ ነው። አንዱ የራንታይሙ፣ አንዱ የሞጁልህ፣ ሦስተኛው ደግሞ በፓይተን ሳይት-ፓኬጅስ ስር ፒሎው ከዊሉ ጋር ይዞት የመጣው። የዊል ፓኬጆች የሚያስፈልጓቸውን ላይብረሪዎች ከስማቸው ጋር የሃሽ ቁራጭ ቀጥለው ለብቻ በራሳቸው ፎልደር ይዘው ነው የሚመጡት። ሞጁልህን ወደ 1.3.2 ብታደርሰው እንኳ ፒሎው 9.5 የራሱን አሮጌ መጠቀሙን ይቀጥላል። ፒሎው በዊሉ ውስጥ ያለውን ያደሰው በ10.0.1 ነው። የደህንነት ስካነር ሪፖርት «ጠገንኩት» ካልክ በኋላም የማይጠፋው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የታሸገውን ዝርዝር ለማየት ሌላም መንገድ አለ። ፍላትፓክ-ቢልደር የተገነባበትን ማኒፌስት «/አፕ/ማኒፌስት.ጄሰን» ላይ ያስቀምጣል፤ የራንታይሙ ደግሞ «/ዩኤስአር/ማኒፌስት.ጄሰን» ላይ አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጥና በሁለቱም ላይ የሚገኘውን ሁሉ ምልክት አድርግበት። በአንተ ዝርዝር ሊብቲፍና ሊብዌብፒ በራንታይሙ ውስጥ አሉ፤ ከማኒፌስትህ ሰርዛቸው። ሌፕቶኒካ በሚገነባበት ጊዜ ኤስዲኬው (የራንታይሙ የመገንቢያ ቅጂ) ውስጥ ያሉትን ሄደሮች ራሱ ያገኛቸዋል። ፒሎውን ደግሞ ከዊል ወደ ሶርስ ቀይረው፤ ያን ጊዜ ከራንታይሙ ሊብዌብፒና ሊብጄፔግ ጋር ይያያዛል፤ ሦስተኛው ኮፒ ይጠፋል።

ከሰረዝክ በኋላ አረጋግጥ። «ፍላትፓክ ራን --ዴቨል --ኮማንድ=ኤስኤች» ብለህ ግባና ቴሰራክት ላይ «ኤልዲዲ» አሂድ፤ የትኛውን ላይብረሪ ከየት እንደሚጭን ያሳይሃል። የሊብዌብፒ መስመር «/ዩኤስአር/ሊብ» የሚል መንገድ ካሳየ ሥራው አልቋል። «/አፕ/ሊብ» ካሳየ ሌላ ሞጁል ደብቆ እየገነባው ነው ማለት ነው። አንዳንድ ፕሮጀክት በሶርሱ ውስጥ የሌላ ላይብረሪ ኮፒ ይዞ ይመጣል፤ ሲስተሙ ላይ ያለውን ተጠቀም የሚል አማራጭ በግንባታ መሣሪያው፣ በሲሜክ ወይም በሜሰን፣ ካለው አብራው።

---

ቋጠሮ መለሰ፦

ከላይ በተባለው ላይ አንድ ማሳሰቢያ። «ፋይንድ» የሚያገኘው በፋይል ስም የተቀመጠን ላይብረሪ ብቻ ነው። በስታቲክ የተያያዘ (ፕሮግራሙ ፋይል ውስጥ የተዋሐደ) ከሆነ ምንም አይታይም። ኤሌክትሮን ላይ የተሠሩ አፖች ክሮሚየምን ከነሊብዌብፒው በአንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ቀብረውት ነው የሚመጡት፤ እነሱ ላይ መፍትሔው ኤሌክትሮኑን ራሱን ማሳደግ ነው። የጎ እና የረስት ፕሮግራሞችም እንደዚያው ናቸው። የሰነድ_ቃኚ አፕ ከዚህ ነጻ ይመስላል፤ ሌሎች አንባቢዎች ግን «ፋይንድ ምንም አላገኘም» ብለው እንዳይዘናጉ።

ሌላው፣ ራንታይሙ ውስጥ አለ ማለት አንተ በምትፈልገው አማራጭ ተገንብቷል ማለት አይደለም። ሊብቲፍን ከመሰረዝህ በፊት አፕህ የሚከፍታቸውን የቲፍ ዓይነቶች ሁሉ፣ በተለይ ለፋክስና ለሰነድ ስካን የሚጠቅሙትን የመጭመቂያ ዓይነቶች፣ በራንታይሙ ሊብቲፍ ሞክራቸው። አንዱ ካልተከፈተ ያንን አንድ ሞጁል ትተህ ሌላውን ሰርዝ። ማሸግ ኃጢአት አይደለም፤ ያሸግኸውን ግን አንተው ነህ የምትጠብቀው።

---

ዜድ_ተርሚናል መለሰ፦

ፋይሉን በእጅ መተካት የሚለውን ልመልስ፤ ይህ ምክር በየቦታው እየተሰጠ ስለሆነ።

አይሆንም። የተጫነው አፕ የሚቀመጠው ፍላትፓክ በሚጠቀምበት የኦኤስትሪ ማከማቻ ውስጥ ነው፤ በአፑ ፎልደር የምታያቸው ፋይሎች ከማከማቻው ኦብጀክቶች ጋር በሃርድሊንክ የተያያዙ (ያው አንድ ፋይል በሁለት ስም) ናቸው። አንዱን ከፍተህ ብትጽፍበት የማከማቻውን ኦብጀክት ነው ያበላሸኸው፤ ያው ኦብጀክት ሌላ አፕ ውስጥም ካለ እሱም አብሮ ይበላሻል። «ፍላትፓክ ሪፔር» ድምሩ እንዳልገጠመ አይቶ ኦብጀክቱን ይጥለውና እንደገና ያወርደዋል። ባይበላሽ እንኳ በሚቀጥለው አፕዴት ይጠፋል። ተጠቃሚው እስከዚያው ሊያደርግ የሚችለው የአፑን ፈቃድ ማጥበብ ነው፦ «ፍላትፓክ ኦቨርራይድ --ዩዘር --አንሼር=ኔትወርክ» ከአፑ መለያ ጋር። ምስል የሚያነብ አፕ ኔትወርክ ከሌለው የተበላሸ የዌብፒ ፋይል ቢከፍትም ጉዳቱ ይቀንሳል። ከዚህ ያለፈው ያንተ የአሻጊው ሥራ ነው።

---

ባለ_ላይብረሪ መለሰ፦

አሁን ወደ ማሳደጉ። ራንታይሙን መጀመሪያ፣ ሞጁሎቹን በኋላ። ምክንያቱም የራንታይም ለውጥ ኮምፓይለሩን፣ ሲሜክን እና ፓይተንን አንድ ላይ ነው የሚቀይረው፤ አሮጌ ሞጁል በአዲስ ኮምፓይለር ላይገነባ ይችላል። የትኛው ላይ ምን እንደሚጠብቅህ ይኸው፦

ግኖም 46 የተመሠረተው በፍሪዴስክቶፕ 23.08 ላይ ነው፤ እዚያ ፓይተን 3.11 ነው። ግኖም 48 በ24.08 ላይ ነው፦ ፓይተን 3.12፣ ጂሲሲ 14 (ኮምፓይለሩ)። ግኖም 49 ደግሞ በ25.08 ላይ፦ ፓይተን 3.13፣ ጂሲሲ 15። እኔ ብሆን በቀጥታ ወደ 49 ከመዝለል መጀመሪያ 48 ላይ አስገነባዋለሁ። ስህተቶቹ በሁለት ክምር ተከፍለው ስለሚመጡ የትኛው ከየት እንደመጣ ታውቃለህ። ለተጠቃሚ የምታወጣው ግን የመጨረሻውን ብቻ ይሁን፤ 48ን ማውጣት አያስፈልግም።

በጂሲሲ 14 የቆየ የሲ ኮድ ይፈርሳል። ሳይታወጅ የተጠራ ፋንክሽን ድሮ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ አሁን ስህተት ነው። ኢንቲጀርን እና ፖይንተርን ያለ ካስት መቀያየርም እንዲሁ። በጂሲሲ 15 ደግሞ መነሻው የሲ ቋንቋ ስታንዳርድ ሲ23 ሆኗል፤ «ቡል» የቋንቋው ቃል ስለሆነ ራሳቸው «ቡል»ን በታይፕዴፍ የሚያውጁ አሮጌ ኮዶች ይቆማሉ። ትክክለኛው መፍትሔ ሞጁሉን ወደ አዲስ ልቀት ማሳደግ ነው። አዲስ ልቀት የሌለው የሞተ ላይብረሪ ከሆነ በዚያ ሞጁል ብቻ «ቢልድ-ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሲፍላግስ» ላይ «-ኤስቲዲ=ጂኤንዩ17» ጨምር። ለማኒፌስቱ በሙሉ አትጨምረው፤ ቀጣዩን ችግር ይደብቅብሃል።

25.08 ላይ ሲሜክ 4 ነው። ከ3.5 በታች ዝቅተኛ ቁጥር ያወጀ ፕሮጀክት ገና ከጅምሩ ይቆምብሃል። «-ዲሲሜክ_ፖሊሲ_ቨርዥን_ሚኒመም=3.5» የሚለው አማራጭ ያሳልፈዋል።

የራንታይሙን ቁጥር ስትቀይር አብረው የሚቀየሩ ነገሮች አትርሳ። የኤስዲኬ ኤክስቴንሽን፣ ለምሳሌ የረስት፣ ከራንታይሙ የፍሪዴስክቶፕ ቅርንጫፍ ጋር መግጠም አለበት። ኤፍኤፍኤምፔግ-ፉል ኤክስቴንሽን ያወጀ ማኒፌስት ካለ 25.08 ላይ ያንን ክፍል ማውጣት ነው፤ ቦታውን ኮዴክስ-ኤክስትራ የሚባለው ይዟል፤ ሳታውጀው ይመጣል። ሳንድቦክሱ ውስጥ «ፓይተን3.11» የሚል መንገድ በእጅ የጻፍክበት ቦታ ካለም ፈልገህ አውጣው።

ሌፕቶኒካ ላይ ጠንቀቅ በል። ከ1.82 ወደ 1.83 ሲሸጋገር ሁለት ነገር ተቀይሯል። የላይብረሪው ስም ከ«ሊብሌፕት» ወደ «ሊብሌፕቶኒካ» ዞረ፤ የሶ ቁጥሩም (የተኳኋኝነት ቁጥሩ) ከ5 ወደ 6። በተጨማሪ የውስጥ ስትራክቸሮቹ ከሕዝባዊው ሄደር ወጥተው ወደ ውስጣዊ ሄደር ገቡ፤ ስለዚህ የፒክስን (ምስሉን የሚይዘውን ስትራክቸር) መስክ በቀጥታ የሚነካ ኮድ አይገነባም። ቴሰራክት 5.3 አዲሱን ሌፕቶኒካ ይቀበላል፤ ግን ሁለቱን በአንድ ኮሚት አሳድጋቸው። በፍላትፓክ-ቢልደር አንድ ሞጁል ሲቀየር ከእሱ በኋላ የተጻፉት ሁሉ እንደ አዲስ ስለሚገነቡ ቴሰራክት ከአዲሱ ጋር ራሱ ይያያዛል። የሚፈርሰው ከቢልዱ ውጭ ተገንብቶ የመጣ ነገር ወይም ስሙን በኮድ ውስጥ የጠራ ነው።

ፖፕለር በየወሩ ገደማ ይለቀቃል፤ ቁጥሩም ዓመትና ወር ነው፣ እንደ 24.08.0። ዋናው «ሊብፖፕለር» ለውጭ ተጠቃሚ የተረጋጋ ኤፒአይ አይሰጥም፤ የሶ ቁጥሩ በየልቀቱ ማለት ይቻላል ይዘላል። አፕህ በፖፕለር-ግሊብ በኩል ከሆነ የሚጠቀመው በሰላም አሳድገው። በቀጥታ ከሆነ ግን እያንዳንዱን ማሳደግ እንደ ኮድ ለውጥ ቁጠረው። አዳዲሶቹ ልቀቶች ጂፒጂሜን እና ኤንኤስኤስ3ን በመነሻው ይፈልጋሉ፤ ዲጂታል ፊርማ ካላስፈለገህ «ኢኔብል_ጂፒጂሜ=ኦፍ» እና «ኢኔብል_ኤንኤስኤስ3=ኦፍ» ስጠው፤ አለዚያ ሲሜክ «አላገኘሁም» ብሎ ይቆማል፤ አንተም የማያስፈልግህን ሁለት ተጨማሪ ሞጁል ማሸግ ትጀምራለህ።

የአማርኛው ዳታ፦ ሊንኩ የ«ሜይን» ቅርንጫፍን የሚያመለክት ከሆነ ዛሬውኑ ቀይረው። ፋይሉ እዚያ በተነካ ቀን የሻ-256 ድምሩ (የፋይሉ ማረጋገጫ አሻራ) አይገጥምም፤ ቢልዱ ይቆማል። ቴስዳታ፣ ቴስዳታ_ቤስት እና ቴስዳታ_ፋስት ሦስቱም 4.1.0 የሚል ታግ አላቸው፤ በዚያ እሰረው። ለአማርኛ ገጽ ቤስት የሚባለው ዘገምተኛ ነው፤ ከሦስቱ የትኛውን እንደምታሽግ በናሙና ገጾች አስተያይተህ ወስን።

---

ማኒፌስት_ጠባቂ መለሰ፦

በየወሩ በእጅ ከመፈተሽ መገላገል ስላልከው። ፍላትሃብ ላይ ያለው ቦት የሚሠራው በፍላትፓክ-ኤክስተርናል-ዳታ-ቼከር ነው። በየሶርሱ ስር «ኤክስ-ቼከር-ዳታ» የሚል ክፍል ጨምር። አዲስ ልቀት ሲወጣ ቦቱ ዩአርኤሉን እና ሻ-256ቱን ቀይሮ ፑል ሪኩዌስት (የለውጥ ጥያቄ) ይከፍታል፤ ፍላትሃብም የሙከራ ቢልድ ያስነሳል።

ለአንተ ሞጁሎች እንዲህ አከፋፍለው። ሌፕቶኒካና ፖፕለር ላይ «አኒትያ» ዓይነት፤ ፕሮጀክቱን ሪሊዝ-ሞኒተሪንግ ድረገጽ ላይ ፈልገህ ቁጥሩን ታስገባለህ፣ «ስቴብል-ኦንሊ»ን ታበራለህ፣ የዩአርኤሉን ቅርጽ ደግሞ የስሪት ቁጥሩ የሚገባበትን ቦታ ክፍት ትተህ ትጽፋለህ። ቴሰራክት ላይ «ጊት» ዓይነት ከታግ-ፓተርን ጋር፤ ፓተርኑ ሙሉ ልቀቶችን ብቻ እንዲይዝ አድርገህ ጻፈው፤ አለዚያ የሙከራ ልቀት ይመጣልሃል። የፓይተኖቹ ላይ «ፓይፒአይ»። የራስህ አፕ ሶርስ ላይ «ኢዝ-ሜይን-ሶርስ» ትሩ ይሁን። በፍላትሃብ.ጄሰን ውስጥ «ሪኳየር-ኢምፖርታንት-አፕዴት»ን ካበራህ ቦቱ ለእያንዳንዷ ትንሽ ላይብረሪ ሪኩዌስት እየከፈተ አያሰለችህም፤ አስፈላጊ ብለህ ምልክት ያደረግክበት ሲለወጥ ሌሎቹን አብሮ ይዞ ይመጣል።

የሻ-256 ነገር ከተነሳ፦ ጊትሃብ ከታግ ላይ ራሱ የሚሠራውን ታርቦል አትጠቀም። በጥር 2023 መጨረሻ የመጭመቂያ መንገዳቸውን ሲቀይሩ የፋይሎቹ ድምር በአንድ ጊዜ ተለዋውጦ ብዙ ቢልድ ቆሟል፤ ለውጡ ወዲያው ቢመለስም ትምህርቱ ቀርቷል። ወይ ገንቢው ራሱ የጫነውን የልቀት ታርቦል፣ ወይ ጊትን ከታግና ከኮሚት ጋር አንድ ላይ ጻፍ። ሁለቱ ሲጻፉ ታጉ ወደ ሌላ ኮሚት ቢዛወር ቢልደሩ ይቆማል፤ የምትፈልገውም ይህንኑ ነው።

---

ቋጠሮ መለሰ፦

ቦቱ ግን አያስብም። የፓይተን ፓኬጆችን አንድ በአንድ ያሳድጋል እንጂ እርስ በርስ ያላቸውን ውል አያይም። ፓይዳንቲክ ለምሳሌ የተወሰነ የፓይዳንቲክ-ኮር ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ቦቱ ኮሩን ብቻውን ካሳደገው ቢልዱ ሊቆም፣ ቢያልፍም አፑ ሲከፈት ሊወድቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን በ«ቨርዥንስ» ከዚህ በታች ብለህ ገድብ፣ ወይም ከቦቱ አውጥተህ ሙሉ ዝርዝሩን በጄኔሬተር እንደ አዲስ አውጣ። የረስት ካርጎ ሶርሶችንም ቦቱ አይነካቸውም፤ ካርጎ.ሎክ በተቀየረ ቁጥር ዝርዝሩን ራስህ ነህ የምታወጣው።

ሪኩዌስቱ ቢልዱን ካለፈ ራሱ እንዲዋሐድ የሚያደርገውን «አውቶመርጅ» ደግሞ ለላይብረሪ ሞጁል አታብራ። የመጭመቂያ ላይብረሪውን ኤክስዜድ 5.6.0 እና 5.6.1ን አስታውስ፤ መጋቢት 2024 ላይ የተገኘው ጓሮ በር የተነሳው ከታርቦሉ ውስጥ ነበር፤ ማስነሻው የኤም4 ስክሪፕት ጊቱ ውስጥ አልነበረም። ልቀቱ በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው ስም ነው የወጣው፤ ቢልዱም ያልፋል። ኢላማው የዴብ እና የአርፒኤም ግንባታ ስለነበር በፍላትፓክ አይነቃም ነበር። ቢሆንም አውቶመርጅ ያንን ቁጥር ያለ አንድ ሰው ዓይን ለተጠቃሚ ያደርሰዋል።

---

ማኒፌስት_ጠባቂ መለሰ፦

በዚህ በከፊል አልስማማም። ማንም የማያየው ሪኩዌስት ስድስት ወር ክፍት ሆኖ ሲቀመጥ የታወቀ ቀዳዳ ነው ተጠቃሚው ላይ የሚቆየው፤ ይህ ከኤክስዜድ ዓይነቱ በጣም የሚበዛ ጉዳይ ነው። ለዳታ ፋይልና ለአፑ ራሱ አውቶመርጅ ክፉ አይደለም። ሲ እና ሲ++ ላይብረሪ ላይ ግን ያንተን አሳብ እቀበላለሁ።

---

ሰነድ_ቃኚ ጻፈ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሊብቲፍንና ሊብዌብፒን ሰረዝኩ፤ የቲፍ ናሙናዎቹ ሁሉ ተከፍተዋል። ሌፕቶኒካን አሳድጌ ግኖም 48 ላይ ሳስገነባ ሁለት ቦታ ላይ ቆመ። ፒሎው ላይ፦ ዊሉ በዚህ ፕላትፎርም ላይ አይደገፍም ይላል። ወደ ሶርስ ስቀይረው ደግሞ የቢልድ ባክኤንዱን አላገኘሁም አለ። ይህንን ለጊዜው አልፌ አፑን ሳስነሳው ገጽ ማቃኛው «ሊብሌፕት.ሶ.5 የለም» ብሎ ይወድቃል፤ ቴሰራክት ብቻውን ግን ይሠራል።

---

ባለ_ላይብረሪ መለሰ፦

የመጀመሪያው ይጠበቃል፤ የዊሉ ስም ላይ «ሲፒ311» አለ፤ 48 ላይ ግን ፓይተን 3.12 ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቢልዱ ያለ ኢንተርኔት እና ያለ ቢልድ-አይሶሌሽን (ለግንባታው የተለየ አካባቢ ሳይፈጠር) ስለሚካሄድ ነው፤ ፒፕ የሚያስፈልገውን መገንቢያ ራሱ ሄዶ አያመጣም። 3.12 ላይ ዲስትዩቲልስ ስለወጣ ድሮ በዝምታ ያልፉ የነበሩ ፓኬጆችም ሴትአፕቱልስን በግልጽ ይፈልጋሉ።

እንዲህ አድርግ። ፍላትፓክ-ፒፕ-ጄኔሬተርን በ«--ራንታይም» አማራጭ ለግኖም ኤስዲኬ 48 አስሂደው። ይህን አማራጭ ካልሰጠኸው ስሪቶቹን የሚመርጠው በኮምፒውተርህ ላይ ባለው ፓይተን ስለሆነ የማይገጥም ዝርዝር ይወጣል። «--ቼከር-ዳታ» ብትጨምርበት የቦቱን ክፍል አብሮ ይጽፍልሃል። የጎደለውን የቢልድ ባክኤንድ በተለየ ሞጁል አውጣና ከፒሎው በፊት አስቀምጠው፤ በዚያ ሞጁል «ክሊንአፕ» ላይ ኮከብ ብቻ ጻፍ። ለግንባታ ያገለግልና ከመጨረሻው ፓኬጅ ይወገዳል። የቆመውን ሞጁል ከውስጥ ለማየት «--ቢልድ-ሼል=» ብለህ የሞጁሉን ስም ስጥ፤ ልክ በቆመበት አካባቢ ሼል ይከፍትልሃል።

ሦስተኛው የፓይተን ኮድህ ነው። ሲታይፕስ በሚባለው (ፓይተን የሲ ላይብረሪን በሚጠራበት) በኩል ላይብረሪውን በድሮ ስሙ እየጠራኸው ነው። «ሊብሌፕቶኒካ.ሶ.6» አድርገው። የድሮውን ስም ወደ አዲሱ የሚያመለክት ሊንክ እንፍጠር የሚል ሰው አይጠፋም፤ አትስማው። የሶ ቁጥሩ የተቀየረው ኤቢአዩ (ቀድሞ የተገነባ ፕሮግራም ከላይብረሪው ጋር የሚገናኝበት ውል) ስለተቀየረ ነው፤ የፒክስን ስትራክቸር በሲታይፕስ ደግመህ ጽፈህ ከሆነ ደግሞ ያንን አውጥተህ በጌት-ፋንክሽኖቹ ተካው፤ ስፋቱን ለማንበብ «ፒክስጌትዊድዝ» አለ።

---

ዜድ_ተርሚናል መለሰ፦

ስለ ኢንተርኔቱ ማንም አልመለሰም። ኮኔክሽን ጥሩ በሆነበት ሰዓት ወይም ቦታ ፍላትፓክ-ቢልደርን «--ዳውንሎድ-ኦንሊ» ብለህ ሶርሶቹን ብቻ አውርድ፤ ኤስዲኬውንና ራንታይሙንም ያን ጊዜ ጫን። ከዚያ በኋላ «--ዲሰብል-ዳውንሎድ» እያልክ ያለ ኢንተርኔት የፈለግከውን ያህል ደጋግመህ ገንባ። የወረዱት በ«.ፍላትፓክ-ቢልደር» ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ዲስክ ሲሞላ ሰዎች ፎልደሩን በሙሉ ይሰርዙታል፤ አንተ «ቢልድ» የሚለውን ንዑስ ፎልደር ብቻ ሰርዝ፣ «ዳውንሎድስ»ን ተው። «--ሲካሽ»ን ካበራህ ድጋሚ ግንባታው በጣም ይፈጥናል። ካሹ በተርታ ስለሆነ የሚሠራው ቶሎ ቶሎ የሚቀየረውን ሞጁል ወደ ታች አውርደው፤ የአማርኛው ዳታ ከቴሰራክት ቀጥሎ መሆኑ ደህና ነው፤ ፖፕለር ግን ከፓይተኖቹ በኋላ ቢሆን፣ ፓይተኑ ካልፈለገው በስተቀር፣ በየወሩ ፒሎውን እንደገና ከመገንባት ያድንሃል።

ተጠቃሚዎችህም ኢንተርኔት ካነሳቸው፣ ፍላትፓክ በአፕዴት የሚያወርደው የተቀየሩትን ኦብጀክቶች ነው፤ የታሸገው ሲቀንስ አፕዴቱም ያንሳል። ቤተ መጻሕፍት ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ ኮምፒውተር ላለው ሰው ደግሞ «ፍላትፓክ ክሪኤት-ዩኤስቢ» አፑን ከነራንታይሙ ፍላሽ ላይ ይገለብጠዋል፤ በሌላው ማሽን «ፍላትፓክ ኢንስቶል --ሳይድሎድ-ሪፖ=» ብለህ በፍላሹ ላይ ያለውን «.ኦስትሪ/ሪፖ» መንገድ ትሰጠዋለህ። ለዚህ ሪሞቱ (አፑ የመጣበት ምንጭ) ኮሌክሽን አይዲ (መለያ ስም) ያለው መሆን አለበት፤ የፍላትሃብ «ኦርግ.ፍላትሃብ.ስቴብል» ነው። ካልተሞላ በ«ፍላትፓክ ሪሞት-ሞዲፋይ --ኮሌክሽን-አይዲ=» ይሞላል።

አዲሱ ልቀትህ አንድ ሰው ላይ ከተበላሸ ወደ ቀድሞው የሚመለስበትንም ጻፍለት፦ «ፍላትፓክ ሪሞት-ኢንፎ --ሎግ ፍላትሃብ» ከአፑ መለያ ጋር የቀድሞ ኮሚቶችን ይዘረዝራል፤ «ሱዶ ፍላትፓክ አፕዴት --ኮሚት=» ከዚያ የመረጠውን ይጭናል። ግኖም 46 ላይ የነበረውን ኮሚት ከመረጠ ያ ራንታይም ተመልሶ ይወርዳል፤ ሊብዌብፒ 1.3.0ም አብሮ ይመለሳል፤ ስለዚህ ስህተቱን እስክታርም ለጥቂት ቀን ብቻ እንዲጠቀምበት ንገረው።